ጎጆ ስንወጣ፦ የትኛው ዕቃ ላይ ገንዘብ እንጨምር? የትኛውስ ላይ እንቆጥብ?



ኒካሕ ታስሮ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ራስ ምታት የዕቃ ነው። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ምጣድ፣ ድስት፣ ቁም ሳጥን፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ... ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ በእጅ ያለው ብር ግን የታወቀ ነው። መርካቶ ሲገባ ደግሞ ለአንዱ ዕቃ ሦስት ዋጋ ይጠራል። "ይሄ ኖርማሉ ነው፣ ይሄ የቱርክ ነው፣ ይሄ ደግሞ ኦርጅናሉ ነው!" ይባላል። ሦስቱም ለዓይን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አንዱ የሌላው እጥፍ ነው።

በዚህ ጊዜ ምክር ሰጪው ብዙ ነው። አንዱ ዘመድ "ለጊዜው ርካሹን ግዙ፣ አላህ ሲያገራላችሁ ትቀይሩታላችሁ" ይላል። ሌላው "ዕቃ አንዴ ነው የሚገዛው፣ ጨመር አድርጋችሁ ጥሩውን ግዙ" ይላል። ሁለቱም ምክሮች እውነት አላቸው። ችግሩ ሁለቱም ለሁሉም ዕቃ እኩል መሰጠታቸው ነው። ርካሹ የሚበቃበት ዕቃ አለ፤ ርካሹን መግዛት ቤተሰብን አደጋ ላይ የሚጥልበት ዕቃም አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን መለያ የሚሆኑ ጥቂት ጥያቄዎችን ማስቀመጥ ነው።

እንደ ሙስሊም የወጪ ሚዛናችን ከየት እንደሚነሳ ይታወቃል። በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ የአር-ረሕማን ባሮች ከተገለጹባቸው ባሕርያት አንዱ ወጪያቸው ከማባከንም ከመሰሰትም የራቀ፣ በሁለቱ መካከል የቆመ መሆኑ ነው። ነገር ግን መካከለኛ መሆን ማለት ሁልጊዜ መካከለኛውን ዋጋ መክፈል ማለት አይደለም። ለአንዱ ዕቃ ብዙ ከፍሎ ሌላውን ጨርሶ መተው መካከለኛነት ሊሆን ይችላል። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ከፍሎ ሁሉንም በዓመቱ መጣል ደግሞ ኢስራፍ ሊሆን ይችላል።

1. የሱቁ ዋጋና የዕድሜው ዋጋ

እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ሻጩ የሚጠራው ነው። ሁለተኛው ያ ዋጋ ዕቃው በሚያገለግልበት ዘመን ሲካፈል የሚገኘው ነው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እንከራከርበታለን፤ ሁለተኛውን የሚያሰላው ግን ጥቂቱ ነው።

ለስሌት እንዲመቸን የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። አንድ ፍራሽ 8,000 ብር ነው እንበል፤ በ3 ዓመት ይጎደጉዳል። ሌላው 14,000 ብር ነው፤ 8 ዓመት ያገለግላል። የመጀመሪያው በዓመት ወደ 2,667 ብር ያስወጣል። ሁለተኛው በዓመት 1,750 ብር ብቻ። ሱቅ ውስጥ "ውድ" የተባለው ቤት ሲገባ ርካሹ እሱ ሆነ ማለት ነው።

ይህን በሱቅ ደጃፍ ላይ ለማስላት ወረቀት አያስፈልግም። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ ዋጋው ስንት እጥፍ ነው? ዕድሜውስ ስንት እጥፍ ይሆናል? በምሳሌያችን 14,000 የ8,000 አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ነው። ስለዚህ ውዱ ፍራሽ ቢያንስ አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ዕድሜ፣ ማለትም ከአምስት ዓመት በላይ ካገለገለ ተጨማሪው ገንዘብ አልባከነም። አራት ዓመት ብቻ የሚቆይ ከሆነ ግን በገንዘብ ረገድ ርካሹ ይሻላል። እዚህ ላይ መልሱ ሁልጊዜ "ውዱን ግዙ" እንዳልሆነ ልብ በሉ። ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆኖ ዕድሜው እጥፍ ብቻ የሆነ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ከታችኛው ደረጃ ወደ መካከለኛው ስንወጣ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው የጥራት ለውጥ ትልቅ ነው። ከመካከለኛው ወደ ላይኛው ስንወጣ ግን ዋጋው በፍጥነት ይጨምራል፤ ለውጡ እያነሰ ይሄዳል። ከስስ ድስት ወደ ወፍራም ድስት መሄድ ወጥ እንዳያርር ያደርጋል። ከወፍራሙ ድስት ወደ ወርቃማ እጀታ ያለው ድስት መሄድ ግን ለወጡ የሚጨምረው ነገር የለም።

2. በዓመት ስንት ሰዓት እንጠቀምበታለን?

የዕድሜ ስሌቱን የሚያጠናክረው ሁለተኛ ጥያቄ የአጠቃቀም ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚተኛ ሰው በዓመት 2,920 ሰዓት ፍራሹ ላይ ያሳልፋል። በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት እንግዳ የሚቀመጥበት ሶፋ ግን በዓመት የሚያገለግለው 104 ሰዓት ያህል ነው። ሆኖም ብዙ አዲስ ጎጆ ወጪዎች ገንዘባቸውን በሶፋ ይጨርሱና ፍራሹን "ለጊዜው" ብለው ይገዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሶፋውን እንግዳ ያየዋል፣ ፍራሹን ማንም አያየውም። ጀርባ ግን የእንግዳ ዓይን አይገደውም፤ ሌሊቱን የሚያውቀው የተኛበትን ነው።

በዚህ ጥያቄ ብቻ ዝርዝሩ ራሱን ይለያል። በየቀኑ የምንነካቸው ፍራሽ፣ ምጣድ፣ ድስት፣ ቢላዋ፣ የሥራ ጫማ ወደ ላይ ይወጣሉ። ለዒድና ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ሳህኖች፣ የብርጭቆ ስብስቦችና ቡፌ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሲኒ ደግሞ ውድም ይሁን ርካሽ መሰበሩ አይቀርም፤ ስለዚህ በርካሹ መግዛትና መተካት ብልህነት ነው።

3. ሲበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል?

ይህ ከሁሉም በላይ ክብደት ልንሰጠው የሚገባ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ዕቃ ሲበላሽ ራሱ ብቻ ይጣላል። መጋረጃ ቢደበዝዝ የሚጎዳው መጋረጃው ነው። ሌላው ግን ሲበላሽ ከራሱ የሚበልጥ ነገር ይዞ ይሄዳል። ለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድን ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም።

የእንጀራ ምጣድ በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ከፍተኛውን ኃይል ከሚስቡት አንዱ ነው፤ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይደርሳል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው 16 አምፔር ያህል ነው። አሁን ብዙ የኪራይ ቤት ውስጥ የሚደረገውን እናስብ። ማድ ቤት ውስጥ ሶኬት የለም፤ ስለዚህ ምጣዱ በዲቫይደር ይሰካል። ዲቫይደሩ ላይ 10 ወይም 13 አምፔር ተብሎ ከተጻፈ ምጣዱ ከአቅሙ በላይ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነማ አቅሙን የሚያውቅ የለም። ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ የሚመጣው እሳት ነው። በጥቂት መቶ ብር ልዩነት የተገዛ ዲቫይደር ይዞ የሚሄደው ቤቱን ሙሉ፣ አልፎም ነፍስ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለምጣድ ዲቫይደር አይሆንም፤ ጥሩም ቢሆን። ከብሬከር ተነስቶ ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ መስመር በባለሙያ ማስዘርጋት ያስፈልጋል። የመዳብ ሽቦው ከ2.5 ካሬ ማነስ የለበትም፤ መንገዱ ረዘም ካለ ባለሙያው 4 ካሬ ሊያዝ ይችላል። "ቤቱ የኪራይ ነው፣ ለሰው ቤት ለምን አወጣለሁ?" የሚል ሐሳብ ይመጣ ይሆናል። ከአከራዩ ጋር ተነጋግሮ ወጪውን መካፈል ይቻላል፤ ባይካፈልም ውስጡ የሚተኛው ተከራዩ ነው።

ሽቦ ሲገዛ ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር አለ። ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ በተመሳሳይ ውፍረት ይበልጥ ይግላል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ይበቃል፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም።

ምጣዱ ራሱም ሁለት ዋጋ አለው። በሸክላው ሥር የተዘረጋው ሽቦ ጥራትና የክዳኑ መግጠም በየወሩ በቆጣሪ ላይ ይታያሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጋገርበት የ3.5 ኪሎዋት ምጣድ በወር ወደ 42 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። በአገራችን ታሪፍ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ስለሚል፣ ሙቀት የሚያባክን ምጣድ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ከዚህ ረድፍ የሚመደቡ ሌሎችም አሉ። የጋዝ ሲሊንደር ጎማና መቆጣጠሪያ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሕፃን አልጋ። ድስትም እዚሁ ይገባል። ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጠው በሚሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ላይ በካሜሩንና በሌሎች ታዳጊ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች፣ ከድስቱ ወደ ምግብ ሊድ የሚገባበት ሁኔታ እንዳለ አሳይተዋል። ሊድ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ቲማቲምና ሎሚ ያለባቸው ምግቦች ደግሞ ከብረቱ ይበልጥ ያወጣሉ። ስለዚህ ምንጩ የማይታወቅ ስድስት ድስት ከመግዛት፣ መቀመጫው ወፍራም የሆነ ሁለት የማይዝግ ብረት ድስት ይሻላል። ለሁለት ሰው ሁለት ድስት አያንስም።

4. ልዩነቱ ከዕቃው ነው ወይስ ከስሙ?

ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ትርጉም ያለው ልዩነቱ ዕቃው ውስጥ ሲሆን ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የምንከፍለው ለስም፣ ለቀለም ወይም ለአገር ስም ነው።

መድኃኒት እንውሰድ። 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል በየትኛውም የንግድ ስም ቢሸጥ ፈዋሹ ንጥረ ነገር ያው ፓራሲታሞል ነው። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበና ከታወቀ መድኃኒት ቤት የተገዛ ከሆነ፣ የሳጥኑ ስም ለራስ ምታቱ ለውጥ አያመጣም። (ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒትን መቀየር ግን ሐኪም ወይም የፋርማሲ ባለሙያ ሳያማክሩ አይደረግም።)

ጤፍም እንዲሁ ነው። ማኛ ከሰርገኛና ከቀይ ጤፍ ይወደዳል፤ እንጀራው ስለሚነጣ። ነጭነቱ ግን ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ቀይ ጤፍ በምግብነቱ ከነጩ አያንስም። ለእንግዳ ማኛ መግዛት የአክባሪነት ወግ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በብድር ማኛ መብላት ግን ለቀለም መክፈል ነው።

ተቃራኒ ምሳሌም አለ። አዮዲን ያለው ጨውና የሌለው ጨው ለዓይንም ለምላስም አንድ ናቸው፤ የዋጋ ልዩነታቸውም ጥቂት ነው። ነገር ግን የአዮዲን እጥረት እንቅርት ያመጣል፤ ነፍሰ ጡር እናት ላይ ሲሆን የፅንሱን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ይህ ልዩነት ዕቃው ውስጥ ያለ፣ በትንሽ ብር ትልቅ ነገር የሚገዛበት ነው።

"የቱርክ ነው"፣ "የዱባይ ነው" የሚለው አነጋገርም በዚህ ሚዛን ይታይ። አንድ አገር ውስጥ ጥሩም መጥፎም ፋብሪካ አለ። ዱባይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃው የተሠራበት ሳይሆን ያለፈበት ከተማ ነው። ከውጭ ዘመድ የላከው ዕቃም ቢሆን "የአሜሪካ ስለሆነ" ብቻ አይሻልም። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ ለዚያ ብቻ የተሠራ ዕቃ እኛ ጋር በ220 ቮልት ሲሰካ ይቃጠላል። ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

5. ዓይን የማያየውን ጥራት እንዴት እንለየዋለን?

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው ጥራቱን ማወቅ ከቻልን ነው። ጥራት ግን ሦስት ዓይነት ነው። ገና ሱቅ ውስጥ እያለን የምናየው አለ፤ የመጋረጃ ቀለም፣ የጠረጴዛ ቁመት። ተጠቅመን ብቻ የምናውቀው አለ፤ የፍራሽ ጥንካሬ፣ የጫማ ምቾት። ተጠቅመንም የማናውቀው አለ፤ የቅቤ ንጽሕና፣ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው በሄድን ቁጥር ለማታለል ይመቻል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ በጻፈው ጥናት አንድ ነገር አስረድቷል። ሻጩ የዕቃውን ነውር አውቆ ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ መስጠት ይጀምራል። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው አያዋጣውምና ከገበያው ይወጣል። መጨረሻ ላይ ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ነው። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ምሁራን አንዱ ነበር። ነውርን መደበቅ የሚጎዳው አንዱን ገዢ ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ነጋዴና ገበያውን ሙሉ ነው ማለት ነው።

ይህን ስናነብ ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡት ሐዲስ ይታወሰናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ በአንድ የእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይን ሰውም አወገዙ። ለሻጭ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለገዢ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፤ ክምሩን ከላይ ብቻ አይቶ ማለፍ አይበቃም፣ እጅን ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። በእኛ ዘመን እጅ የምናስገባባቸው መንገዶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ መመዘን። የስፖንጅ ፍራሽ ዕድሜ ከሚወሰንባቸው ነገሮች ዋናው እፍጋቱ ነው። 1.20 ሜትር ስፋት፣ 1.90 ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ ይዘቱ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። ስፖንጁ በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ከሆነ ፍራሹ 9 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 30 ኪሎ ከሆነ ግን ወደ 13.7 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱን ሚዛን ላይ ማውጣት ወይም ቢያንስ በእጅ አንስቶ ማነጻጸር ብዙ ይናገራል። ክብደት ለመጨመር ባዕድ ዱቄት ሊደባለቅ ስለሚችል ግን ተጭኖ ፈጥኖ መመለሱንም ማየት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ጠጋኙን መጠየቅ። ሻጭ ዕቃው አዲስ ሳለ ያውቀዋል፤ ጠጋኝ ግን ሲሞት ያውቀዋል። ፍሪጅ ከመግዛት በፊት የሰፈሩን የፍሪጅ ጠጋኝ "የትኛው ነው ብዙ ጊዜ የሚመጣልህ? የየትኛው መለዋወጫ ይገኛል?" ብሎ መጠየቅ ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል። መለዋወጫ የማይገኝለት ውድ ዕቃ አንዴ ሲበላሽ ርካሽ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ሦስተኛ፣ በሚታይ መልኩ መግዛት። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። ዛላውን ገዝቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ማስፈጨት ግን ጥራቱን ከማይታየው ወደሚታየው ያመጣዋል። እዚህ ላይ የተከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ብር ሳይሆን ድካም ነው።

አራተኛ፣ ለዋስትናው መክፈል። ጥራቱን ማየት በማንችልበት ዕቃ ላይ ተጨማሪ ብር የሚገባው ለዕቃው ስም ሳይሆን ኃላፊነት ለሚወስደው ነጋዴ ነው። ቋሚ ሱቅ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ዋስትናውን በጽሑፍ የሚሰጥ ነጋዴ ጥቂት ቢያስጨምር ያዋጣል። በፊቅህ ገዢው ሳያውቀው የገዛው ዕቃ ላይ ነውር ቢያገኝ የመመለስ መብት አለው፤ ኺያሩል ዐይብ ይባላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ይደነግጋል። ደረሰኝ የሌለው ገዢ ግን መብቱን ይዞ የት ይሄዳል?

6. ርካሹ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ

ርካሽ መግዛት ነውር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ሕፃን በወራት ውስጥ የሚያድግበትን ልብስና ጫማ በውድ መግዛት ትርፉ ለዓይን ነው። እንደምንጠቀምበት እርግጠኛ ያልሆንበትን ዕቃ፣ ለምሳሌ የጁስ መፍጫን፣ መጀመሪያ በርካሹ መሞከር ይሻላል። ከአገልግሎት ብዛት ከተሰበረ ለጥሩው መክፈል እንደሚገባ ነገረን ማለት ነው፤ አቧራ ከለበሰ ደግሞ ብራችን ተረፈ።

ቤት በየጊዜው የሚቀይር ተከራይም ይህን ማሰብ አለበት። የኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን አንዴ ተገጣጥሞ ካልተነካ ይቆያል። በየቤት ለውጡ ሲፈታና ሲገጠም ግን ብሎኑ የያዘበት ቀዳዳ ይሰፋል፤ ውኃ ከነካው ያብጣል። ስለዚህ ውድ የኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን ለተከራይ አይመከርም። ወይ ያገለገለ የጣውላ ይገዛል፣ ወይ የራስ ቤት እስኪገኝ በቀላል የብረት መስቀያ ይቆያል።

7. ብሩ ባይበቃስ?

"ይህ ሁሉ ስሌት ብር ላለው ነው" የሚል ካለ እውነት አለው። ጥሩው ፍራሽ በዓመት ሲሰላ ርካሽ ቢሆንም 14,000 ብሩ በአንድ ቀን ነው የሚጠየቀው። ድሃ ከሀብታም ይበልጥ የሚከፍልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አንዴ መክፈል ስላልቻለ ደጋግሞ ይከፍላል። ከዚህ ወጥመድ ሙሉ በሙሉ መውጣት ባይቻልም የሚያጠቡት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ቁጥሩን መቀነስ ነው። ቤት በአንድ ቀን መሙላት የለበትም። የምንተኛበት፣ የምናበስልበትና ኤሌክትሪኩ በጥራት ይቅደም፤ ሌላው ይጠብቅ። ሁለተኛው ዕቁብ ነው። ዕቁቡ ሲወጣ ለአሥር ጥቃቅን ነገር ከመበተን ለአንድ ጥሩ ዕቃ ማዋል። ሦስተኛው ያገለገለ ዕቃ ነው። ያገለገለ የእንጨት አልጋ ከአዲስ የኤምዲኤፍ አልጋ ብዙ ጊዜ ይበረታል፤ ዕድሜውን አንዴ አሳይቷልና ፈተናውን ያለፈ ነው። ፍራሽና የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ያገለገለ አይገዛም። አራተኛው ከስጦታ ጋር የተያያዘ ነው። ዘመድና ጓደኛ ለሠርግ የሚያመጣው አምስት ተመሳሳይ የብርጭቆ ስብስብ ከሚሆን፣ አስቀድሞ ተነጋግሮ በጋራ አንድ ጥሩ ምጣድ ቢገዛ ለሰጪውም ለተቀባዩም በረካ ነው።

የማይመከረው መንገድ አንድ ነው፤ ለታይታ ዕቃ ብድር መግባት። ወለድ ሲኖረው ሪባ ነው፣ ባይኖረውም አዲስ ትዳርን በዕዳ ማስጀመር ነው። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚለው ተረት ለዚህ ይሆናል።

8. ለሁለቱ ባለትዳሮች

የዕቃ ጉዳይ የብዙ አዲስ ትዳር የመጀመሪያ ጭቅጭቅ ነው። አንዱ "ቆጣቢ" ሌላው "አባካኝ" ተባብሎ ይጀመራል። ብዙውን ጊዜ ግን የተለያዩት በባሕርይ ሳይሆን በጥያቄ ነው። አንዱ የሱቁን ዋጋ ያያል፣ ሌላው የዕድሜውን። ስለዚህ ገበያ ከመውጣት በፊት ዝርዝሩን አንድ ላይ ጽፎ በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት አራት ጥያቄ መመለስ ይጠቅማል። ዋጋውና ዕድሜው ስንት እጥፍ ነው? በዓመት ስንት ሰዓት እንጠቀምበታለን? ሲበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል? ልዩነቱ ከዕቃው ነው ወይስ ከስሙ?

ሦስተኛው ጥያቄ "ሰው ሊጎዳ ይችላል" የሚል መልስ ካገኘ ሌሎቹ አይጠየቁም፤ እዚያ ላይ ይጨመራል፤ ከመጋረጃው ተቀንሶም ቢሆን። የቀሩት ላይ ሁለት መልስ ወደ "ጨምር" ካዘነበለ ይጨመራል፤ ካላዘነበለ ርካሹ በቂ ነው። ለእንግዳ የሚሆን ምንጣፍና ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ንጹሕ ቤትና ትኩስ ቡና ካለ ማንም ጎረቤት ሶፋ አለመኖሩን ቆጥሮ አይወጣም። የሚቆጥር ካለም የእሱን ዓይን ለማስደሰት የሁለት ሰው ጀርባ መታመም የለበትም።

አላህ ትዳራችሁን በበረካ የተሞላ፣ ሪዝቃችሁን ሐላልና ሰፊ ያድርገው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።